በቆጠራው ያልገባችው እህቴ

ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ከልጄ ከሕይወት ጋር ደብረ ብርሃን ወዳለው ሆስፒታል ሄድን። ሕይወት የአራት ወር ልጇን በፎጣ፣ ከፎጣው በላይ በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች። የልጅ ልጄ ስትወለድ መላ ሰውነቷ በሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ተሸፍኖ ነበር። ሽፋኑ በሳምንታት ውስጥ እየተሰነጣጠቀ ሲለቅ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ደረቅና ቅርፊታም ሆነ። ደሟ ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ስለነበር የዚያን ቀን የሄድነው ውጤቱን ልንሰማ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የሕፃኗን ጣቶች አንድ በአንድ እየዳሰሰች ነበር የምታስረዳን። ቆዳችንን እንደ ድንጋይ ግንብ አስቡት አለች። ድንጋዮቹ ሕዋሶቻችን ናቸው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ደግሞ ሴራማይድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው። ይህን ስብ የሚሠሩ ሴራማይድ ሲንቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች በሰውነታችን ውስጥ ስድስት ዓይነት ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በብዛት የሚገኝበት ቦታና የሚሠራው የስብ ርዝመት ይለያያል። አንዱ በአንጎል ይበረታል፣ አንዱ በጉበት። የቆዳው ሦስተኛው ነው። ለልጅ ልጄ የዚህ የሦስተኛው መመሪያ፣ ማለትም ዘረ መሉ፣ ከእናቷም ከአባቷም በኩል ተበላሽቶ ደርሷታል። ስለዚህ ድንጋዩ አለ፣ ጭቃው የለም፤ ውሃ ከውስጥ ይተናል፣ ጀርምም ከውጭ ይገባል። ሌሎቹ ኢንዛይሞች ደግሞ ከልክ በላይ ሲሠሩ በስኳር በሽታና በጉበት ስብ ላይ እጃቸው ይኖርበት እንደሆነ እየተጠና ነው ብላ ጨመረችልኝ። ስኳሬን የማላክክበት አንድ ነገር በማግኘቴ ሳልደሰት አልቀረሁም።

ቀጥላ በቤተሰባችን እንዲህ ያለ ቆዳ የነበረው ሰው እንደነበር ጠየቀች። የሕይወት አማት ከእነዋሪ መጥተው ከጎናችን ተቀምጠዋል፤ በእርሳቸው በኩል አንድም ሰው እንደሌለ በቅዱሳን ሁሉ ስም ምለው ተናገሩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔም አላውቅም» አልኩ።

ሠላሳ ዓመት የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። የአተር ዘር ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ አንድ ትውልድ ተደብቆ በሚቀጥለው እንዴት እንደሚወጣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን እህቴን አላነሣሁም። በስድሳ ስድስት ዓመቴም፣ የልጅ ልጄ ፊቴ ተኝታ፣ አፌ የለመደውን ውሸት ራሱ ተናገረው።

እህቴ ሙሉነሽ ትባላለች። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ሙሉ ነበር የምላት። ቤታችን ከበሬሳ ወንዝ ብዙም አይርቅም። አባቴ ከበግ ጸጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ጸጉሩን አጥባ የምትፈትለው ሙሉ ናት። ያልታጠበው ጸጉር ያለው ስብ ጣቶቿን ስለሚያለሰልስላት ሥራውን ትወደው ነበር። ባናውን የሚገዛ ሰው ግን ማን እንደፈተለው አይነገረውም። ከአንገቷ እስከ እግሯ ቆዳዋ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ስትነሣ ከተቀመጠችበት ላይ ነጭ ቅርፊት ይራገፋል፣ እናታችንም ሰው ሳያይ ጠረግ ታደርገዋለች። ላብ ስለማይወጣት በታኅሣሥ የአውድማ ፀሐይ ፊቷ ፍም ይመስልና ነጠላዋን ውሃ ነክራ ራሷ ላይ ትጥላለች።

ማንም አልሰደባትም። ይህን መናገር አለብኝ፤ የሰፈራችን ሰው ክፉ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ስትገባ ግን ከጎኗ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ሌላ ቦታ ያምራቸዋል። እርሷ ይህንንም ቀልድ ታደርገው ነበር። «እኔ እኮ ዓሣ ነኝ፤ በሬሳ ወንዝ ላይ ብትጥሉኝ ዋኝቼ አባይ እደርሳለሁ» ትለኝና ራሷ ቀድማ ትስቃለች። እናታችን በቅቤ፣ ቅቤ ሲጠፋ በኑግ ዘይት ትቀባት ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ምግቤን የምታበስልልኝም፣ የትምህርት ቤት ልብሴን የምታጥብልኝም ሙሉ ሆነች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ መጣሁ፤ ልቤን ደግሞ ጫጫ ከተማ ትቼው ነበር የመጣሁት። አስካለ ትባላለች። አባቷ ጥሩ ገበሬ ነው፣ የዋዛ ሰው አይደለም። አባቴ ሽማግሌ ላከ፤ ነገሩ ፈር ሲይዝ ከእነርሱም በኩል ሦስት ሽማግሎች ዘር ሊቆጥሩ እኛ ቤት መጡ። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ በሰባቱ ውስጥ አንድ ስም ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ይቀራል። አባቴ አንድ ዋንጫ ጠላ ቀመሰና በራሱ በኩልም በእናቴ በኩልም እስከ ሰባት ድረስ ሳይደናቀፍ ቆጠረው። በር አጠገብ ተቀምጬ ስሰማ በአባቴ ኮራሁ። ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት፣ በዚያ ቆጠራ የሚነሣው የወለደ ሰው ብቻ መሆኑን ነው። ሳያገባ፣ ሳይወልድ የሞተ ሰው ለጋብቻ ምንም ስለማያደርግ ስሙ አይጠራም፤ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥም ፈጽሞ ይረሳል።

ሙሉ የዚያን ዕለት በጓዳ እንድትቆይ ታዝዛ ነበር። ሽማግሎቹ ሊነሡ ሲሉ አንደኛው አባቴን ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቁት። አባቴ «ይኸው ነው፤ አንድ ነው» አለና በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ሁሉም አዩኝ። ጓዳው በመጋረጃ ብቻ ነው የሚለየው፤ እህቴ እንደምትሰማ አውቃለሁ። አስካለን ልነጠቅ ነው ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሽማግሎቹ እንደሄዱ ሙሉ ወጥታ ዋንጫዎቹን ማንሣት ጀመረች። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስለ አስካለ መልክ ጠየቀችኝ። ቆይታ፣ እየሣቀች፣ «የልጅ ልጆችህ ሲቆጥሩ እንግዲህ እኔ የለሁም ማለት ነው» አለችኝ። እኔም አብሬያት ሣቅሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከነገሩ ሁሉ ያ ሣቄ ያሳፍረኛል።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አባቴ ለብቻዬ ጠርቶ፣ የሙሽራዋ ወገኖች በሠርጉ ሰሞን ቤት ስለሚውሉ ሙሉን አንኮበር አክስቴ ዘንድ ወስጄ እንዳቆያት ነገረኝ። ለሠርጉ ሰሞን ብቻ ነው አለ። የሙሽራዋ አባት ቢያይ ልጁን እንደማይሰጠኝም አልሸሸገኝም። እኔ ይህን ለሙሉ እንዴት እንደምነግራት ስጨነቅ እርሷ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ከታ፣ ለመንገድ የሚሆን ጭኮ አሽታ ጠበቀችኝ።

በአውቶቡሱ ውስጥ የጫጫ ሰዎች መኖራቸውን ገና ስሳፈር ስላየሁ ከእርሷ ጎን አልተቀመጥኩም። ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኗ የነበረው ሰውዬም ትንሽ እንደሄድን ተነሥቶ ከኋላ ቆመ። ሜዳው የገብስ ቃርሚያ ብቻ ቀርቶበት ግራጫ ሆኗል፤ በየድንጋይ አጥሩ ጥግ በጎች ከነፋስ ተጠግተው ይታያሉ። እያንዳንዷን የማውቃትን ኮረብታ እያየሁ፣ ከኋላዬ ያለችው ሴት እህቴ እንዳልሆነች ሆኜ አንድ ሰዓት ተጓዝኩ። ከዚያ አንድ እጅ በትከሻዬ በኩል መጣ። እጇ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጭኮ አለ።

«እንካ ብላ ወንድሜ፤ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድህን ነህ» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

ተቀበልኳት። የጫጫዎቹ ሰዎች ዞር ብለው አይተው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ጭኮው ቅቤ የበዛበት ነበር፤ እስከ መጨረሻው በላሁት። ተነሥቼ ጎኗ መቀመጥ እችል ነበር፣ ቦታው ባዶ ነው። የአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማ እስክንደርስ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ጎረቤላ ስንወርድ ከገደሉ በታች ያለው አገር ሁሉ በጉም ተሞልቶ ነበር። የአክስቴ ቤት ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል ያስኬዳል። በአስታ ዛፍና በጥድ መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ እኔ ከረጢቱን ተሸክሜ ከፊት፣ ሙሉ ከኋላ ሆነን ወረድን። ጉሙ ፊታችንን አረጠበው። እርሷ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና ቆም ብላ አየሩን ሳበች፤ ሰው በሌለበት መንገድ ፊቷን ስትገልጥ ሳያት ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ከፋኝ።

አክስቴ በለጡ የአባቴ ታላቅ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ነገር የማታለዝብ ሴት ነበረች። ሙሉን ስማ፣ እግሯን አጥባ፣ ገንፎ አቀረበችልን። በማግሥቱ ጠዋት ልሄድ ስል እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘችኝና ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጎጆ አሳየችኝ። ለሙሉ እርሷን አጽድታላታለች።

«ከእማማ ጌጤ ወዲህ ሰው አልገባባትም» አለች።

እማማ ጌጤ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ነገር አለማወቄ ገረማት።

«የአያትህ እህት ናት እንጂ። ቆዳዋ እንደዚችው ነበር። ለአንድ ክረምት ብለው አመጧት፣ እዚሁ አርጅታ ሞተች።»

ቆሜ ጎጆዋን አየሁ። የእማማ ጌጤን ስም አባቴ ሲቆጥር አልሰማሁም፤ አልወለደችማ። ቤተሰባችን እንዲህ ላለ ሰው የተዘጋጀ ቦታ እንዳለው፣ አባቴም ይህን እያወቀ «ለሠርጉ ሰሞን» እንዳለኝ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ያን ጊዜ ተመልሼ ገብቼ ከረጢቱን ተሸክሜ፣ ነይ እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ሙሉ ከቤት ወጥታ ወደ እኛ መጣች። መቼ እንደምመጣ ጠየቀችኝ።

«ሠርጉ እንዳለፈ፣ በሳምንቱ» አልኳት።

ጉልበትህን ስሜ ካልሸኘሁህ አለች፤ ታላቄ ሆና ሳለ። እምቢ ብዬ አቀፍኳትና ዳገቱን ያዝኩት። አንድም ጊዜ ዞር ብዬ አላየሁም።

ሠርጉ አማረ። ስለ ሠርጉ ብዙ አላስታውስም፤ እየበላሁ እየጠጣሁ አንድ ነገር የረሳሁ እየመሰለኝ በየኪሴ እጄን እሰድ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል። ሳምንቱ አለፈ። ምድብ ሥራዬ እነዋሪ አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ደመወዝ ዘገየ፣ ጾም ገባ፣ ምክንያት መቼ ጠፍቶ ያውቃል። አንኮበር የወረድኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በአራተኛው ወር ነው። የበልጉ ዝናብና ጉም አገሩን አልብሶት ነበር። ሙሉ በጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጣ ጸጉር ትፈትላለች። የእጆቿ ስንጥቅ ገጥሞ ስላገኘሁት ተገረምኩ። ልወስድሽ መጣሁ አልኳት።

እንዝርቷን አላቆመችም። «እዚህ ይሻለኛል። ጉሙ ቆዳዬን ያርሰዋል፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ይሰነጥቀኛል። አንተ ሂድ፣ ሚስትህን ብቻዋን አትተዋት» አለች።

እውነቷን ነበር፤ ሐኪሟም እርጥብ አየር ለእንዲህ ያለ ቆዳ እንደሚስማማ ባለፈው ነግራናለች። ነገር ግን ሙሉ ያን ጊዜ ስለ ጉም ብቻ እንዳልተናገረች አውቃለሁ። ምክንያት ሰጠችኝ፣ እኔም ፈጥኜ ተቀበልኩ። ዳገቱን ስወጣ ሰውነቴ ቀለለኝ። እፎይ አልኩ፤ እንዲህ ነው የሆነው።

አስካለ እህት እንዳለኝ የሰማችው ባገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። አልተቆጣችም። ለምን እንደማላመጣት ጠየቀችኝ፣ እምቢ ብላለች አልኳት፤ ያ በዚያን ጊዜ እውነት ሆኗል። አስካለ ለሚመጣ ለሚሄደው ነጋዴ ቅቤ እያስያዘች ትልክላት እንደነበር የነገረችኝ ራሷ ሙሉ ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ አስካለ ሌላም ነገር አጫወተችኝ። አባቷ የሙሉን ነገር ከሠርጉ በፊት ከአንድ የጸጉር ነጋዴ ሰምቶት ኖሯል። የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ዝም አለ እንጂ ልጁን ለመከልከል አላሰበም። ይህን ስሰማ ወጥቼ በሬሳ ወንዝ ዳር ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

አክስቴ ስትሞት ሙሉ በዚያች ጎጆ ብቻዋን ቀረች። በዓመት አንዴ፣ ኋላም በሁለት ዓመት አንዴ እጠይቃታለሁ። ባገባሁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በነሐሴ ሞተች። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ወሬው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ልጆቼ ስለ እርሷ አልሰሙም። ሰው ሲጠይቀኝ ብቻዬን ነው ያደግሁት እል ነበር። አስካለ ካረፈች ወዲህ በባዶ ቤት ውስጥ ጠዋት ስነሣ ያ ውሸቴ በስተርጅና እውነት የሆነብኝ ይመስለኛል።

ከሆስፒታሉ ከተመለስን በኋላ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ለሕይወት ሁሉንም ነገርኳት፤ የአውቶቡሱን ወንበርም አልተውኩም። ሰኞ ከአማቷ ጋር ሆነን ወደ ሐኪሟ ሄድን። ሐኪሟ አልወቀሰችኝም፤ ወረቀት አውጥታ ዘራችንን መሳል ጀመረች። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ፤ እኔም በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ። ለእኔ አራት ማዕዘን ሣለችና ከጎኔ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ክብ አድርጋ በእስክሪብቶ አጠቆረችው። ስሟን ጠየቀችኝ። መውለዷን ጠየቀችኝ፣ አልወለደችም አልኩ። ለሐኪሟ ይህ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ ክቡ እንደተሣለ ነው። ከላይ ለእማማ ጌጤም አንድ ሣለች። የሕይወት አማት ከአያቶቻቸው ወገን አንኮበር የቀሩ እንዳሉ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ከሰባት ቤት በላይ የት ጋ እንደምንገናኝ ማንም አያውቅም።

እነ ሕይወት ቤት ስንደርስ የሕፃኗ መቀቢያ ሰዓት ደርሶ ነበር። በቀን አራት ጊዜ ትቀባለች። እስከዚያ ቀን ይህን የሚሠሩት ሕይወትና ባሏ ነበሩ፤ እኔ እጄ ሻካራ ነው እያልኩ እሸሻለሁ። ሕይወት ሕፃኗን አልጋው ላይ አጋደመቻት፣ የቅባቱን ቆርቆሮም ከፈተች።

«አባዬ፣ እጅህን ታጠብና ዛሬ አንተ ቀባት» አለች። በድምጿ ቁጣም ርኅራኄም አልነበረም።

ታጥቤ መጣሁ። ክንዶቿን ቀባሁ፣ እግሮቿን ቀባሁ፤ ሕፃኗ በዓይኗ ትከተለኛለች። ከዚያ በሆዷ ገልብጬ መዳፌን በትንሿ ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩ። ቅርፊቱ ከእጄ ሥር ቀስ እያለ ሲለሰልስ ተሰማኝ። አስካለ ቅቤውን ትልክ ነበር፣ ሙሉም በእጇ የደረሰችበትን ትቀባ ነበር። የራስ እጅ የማይደርስበትን፣ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ያለውን ያን ስፍራ በዚያ ሁሉ ዓመት ማን እንደቀባላት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።